ቁልቋልና መሰሎቹ፦ ከመትከል በፊት ለይቶ ማወቅ
(ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ)

መግቢያ

ወርቃ በጌዴኦ ዞን፣ በጌዴብ ወረዳ የምትገኝ የቡና አገር ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በዚህ አካባቢ ገበሬው ቡናውን ከእንሰትና ከጥላ ዛፎች ጋር አቀላቅሎ ያለማል። ይህ አሠራር ለብዙ ትውልድ የተፈተነ በመሆኑ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እንዲህ ባለ ለምለምና እርጥብ አገር ስለ ቁልቋል መጻፍ ለምን አስፈለገ የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል።

ምክንያቱ የሚከተለው ነው። ቁልቋል በድርቅ ጊዜ ለከብት መኖ እንደሚሆን፣ ፍሬው እንደሚሸጥ፣ አጥርም እንደሚያጥር በየሥልጠናውና በየጽሑፉ ይነገራል። ነገሩ በትክክለኛው ተክልና በትክክለኛው ቦታ እውነት ነው። ነገር ግን በአማርኛ «ቁልቋል» የሚለው ስም በዝምድና ፈጽሞ የማይገናኙ ሁለት ተክሎች መጠሪያ ሆኗል። አንደኛው ፍሬው ለሰው፣ ቅጠል መሰል ግንዱ ደግሞ ለከብት የሚሆን ነው። ሁለተኛው ወተቱ ቆዳ የሚያቃጥል፣ ዐይን የሚጎዳና ከብት የሚመርዝ ነው። ለአንዱ የተሰጠውን ምክር በሌላው ላይ የሚፈጽም ሰው ለጉዳት ይዳረጋል።

ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ ውኃ የሚያጠራቅሙ ተክሎችን አንዱን ከሌላው ለመለየት የሚያስችሉ ምልክቶችን እናቀርባለን፤ ቀጥሎም ለወርቃና ለመሰል ደጋማ ቀበሌዎች የሚስማማውንና የማይስማማውን እንገልጻለን።

1. ውኃ የሚያጠራቅሙ ተክሎች አኗኗር

በረሃማና ደረቅ ቦታ የሚበቅሉ ተክሎች ድርቅን የሚያልፉበት መንገድ የተለያየ ነው። አንዳንዶቹ ሥራቸውን ወደ ጥልቅ ይሰዳሉ። አንዳንዶቹ ቅጠላቸውን ያራግፋሉ። ሌሎቹ ደግሞ ዝናብ በዘነበ ጊዜ ውኃውን ቶሎ ስበው በግንዳቸው ወይም በቅጠላቸው ውስጥ ያከማቻሉ። ቁልቋል፣ በለስ፣ ቅንጭብ፣ እሬት፣ ቃጫና እንዳሁላ ከዚህ ከመጨረሻው ክፍል ይመደባሉ።

እነዚህ ተክሎች ያከማቹትን ውኃ የሚጠብቁበት ዘዴ ልዩ ነው። ማንኛውም ተክል ምግቡን ለማዘጋጀት በቅጠሉ ላይ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች አየር ያስገባል። ቀዳዳዎቹ በተከፈቱ ቁጥር ግን ውኃ በተን ሆኖ ይወጣል። ቡናና በቆሎ ቀዳዳቸውን የሚከፍቱት በቀን፣ ፀሐይ ባለችበት ጊዜ ነው። በለስ፣ ቃጫና ብዙዎቹ የእሬት ዓይነቶች ግን ቀን ቀዳዳቸውን ይዘጋሉ፤ አየሩ ሲቀዘቅዝ በሌሊት ከፍተው አየሩን በአሲድ መልክ ያስቀምጡታል። በማግሥቱም ቀዳዳቸውን ዘግተው፣ ባስቀመጡት አየርና በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ያዘጋጃሉ። ስለዚህ የሚያባክኑት ውኃ በጣም ጥቂት ነው።

ይሁን እንጂ ይህ አኗኗር የራሱ ጉድለት አለው። ውኃ በማጠራቀም የሚኖር ተክል ውኃ የሚተኛበትን መሬት አይወድም። ሥሩ በእርጥብ አፈር ውስጥ ብዙ ሲቆይ አየር ያጣል፣ ሻጋታም ይገባበታልና ይበሰብሳል። ለወርቃ ገበሬ ከሁሉ አስቀድሞ መነገር ያለበት ይህ ነው።

2. ስሙ አንድ፣ ተክሉ ሁለት

የአገራችን ጥንታዊ ቁልቋል ቅርንጫፎቹን እንደ መቅረዝ ወደ ላይ የሚዘረጋው፣ ማዕዘን ማዕዘን ያለው ትልቅ ዛፍ ነው። በኦሮምኛ አዳሚ ይባላል። በሳይንስ ኢዩፎርቢያ ከሚባለው ወገን ሲሆን፣ በደረቅ ገደላገደል ላይ የሚበቅሉ እንደ ኢዩፎርቢያ አቢሲኒካ ያሉ ዓይነቶችና እርጥበት ባለበት ደጋ የሚበቅሉ እንደ ኢዩፎርቢያ አምፕሊፊላ ያሉ ዓይነቶች አሉት። እ.ኤ.አ. በ1769 ወደ አገራችን የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ይህን ዛፍ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ በአገሩ ስም ቁልቋል ብሎ ገልጾታል። ቅንጭብ የሚባለውና ብዙውን ጊዜ ለአጥር የሚተከለው፣ እንደ እርሳስ ቀጫጭን አረንጓዴ ቅርንጫፎች ያሉት ተክልም የዚሁ ወገን ነው።

ሁለተኛው የባሕር ቁልቋል ነው። በትግራይና በኤርትራ በለስ ይባላል። ስሙ ራሱ እንደሚያመለክተው ይህ ተክል ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ኦፑንቲያ ፊከስ ኢንዲካ ሲሆን የትውልድ አገሩ ሜክሲኮ ነው። ስፔኖች አሜሪካን ከያዙ በኋላ ወደ ሜዲትራኒያን አገሮች ተሻግሮ፣ ከዚያም በ19ኛው መቶ ዘመን ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ እንደገባ ይታመናል። ትክክለኛው የካክተስ ቤተሰብ የሚባለው ይህ ነው።

የካክተስ ቤተሰብ በሙሉ የአሜሪካ ተወላጅ ሲሆን፣ በዱር የአፍሪካም ነዋሪ የሆነ አንድ ዓይነት ብቻ አለ። እርሱም ሪፕሳሊስ ባክሲፌራ ይባላል። የሚያስገርመው ይህ ካክተስ በረሃ አይወድም፤ በእርጥብ ጫካ ውስጥ ከትልልቅ ዛፎች ላይ እንደ ገመድ ተንጠልጥሎ ይበቅላል፤ ሲጎለምስም እሾህ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በደረቅ ኮረብታ ላይ የምናየው እሾሃም ዛፍ ሁሉ ካክተስ እንዳልሆነ፣ ካክተስም ሁሉ እሾሃም የበረሃ ተክል እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ታዲያ ቁልቋልና በለስ ለምን ተመሳሰሉ? ሁለቱም በተለያየ አህጉር ለአንድ ዓይነት ችግር፣ ማለትም ለድርቅ፣ አንድ ዓይነት መፍትሔ ስላገኙ ነው። ቅጠላቸው ጠፍቶ ግንዳቸው ወፈረ፣ አረንጓዴም ሆነ። ዝምድናቸው ግን የተራራቀ ነው። የቁልቋል የቅርብ ዘመዶች የወርቃ ገበሬ በጓሮው የሚያውቃቸው ብሳናና ጉሎ፣ እንዲሁም ካሳቫ ናቸው። የጉሎ ፍሬ መርዝ መሆኑን፣ መራራ ካሳቫም ሳይዘጋጅ እንደማይበላ የሚያውቅ ሰው የዚህን ቤተሰብ ጠባይ መገመት አይከብደውም።

3. ለይቶ ማወቂያ ምልክቶች

ማንኛውም የልማት ሠራተኛ አንድን ተክል ለመኖ፣ ለአጥር ወይም ለሽያጭ ከመምከሩ በፊት ከዚህ በታች በተዘረዘሩት ምልክቶች ሊፈትነው ይገባል። ምርመራው ቢላዋ ብቻ ይጠይቃል። ሲቆረጥ ክንድን ዘርግቶ፣ ነፋስን ከኋላ አድርጎ፣ ፊትን ወደ ሌላ መልሶ መሆን አለበት። ፈሳሹን በጣት መንካትም ሆነ መቅመስ ፈጽሞ አይፈቀድም።

ሀ/ ቁልቋልና ቅንጭብ። ሲቆረጡ ወዲያውኑ ነጭ ወተት ይፈስሳል። ቁልቋል እሾህ ሲኖረው፣ እሾሁ ጥንድ ጥንድ ሆኖ በግንዱ ማዕዘን ጠርዝ ላይ ይሰለፋል። ቅንጭብ እሾህ የለውም። አበባቸው ትንንሽና ለዐይን የማይጎላ ነው።

ለ/ በለስ ወይም የባሕር ቁልቋል። ሲቆረጥ ወተት የለውም፤ የሚወጣው ቀለም የሌለው ዝልግልግ ፈሳሽ ነው። ግንዱ እንደ መዳፍ ጠፍጣፋ ሆኖ አንዱ ባንዱ ላይ ይደራረባል። እሾሁ የሚወጣው በመዳፉ ፊት ላይ ከተበተኑ ጥጥ መሰል ነጠብጣቦች ነው። ይህ ነጠብጣብ የካክተስ ቤተሰብ ዋና መለያ ነው። ከትልልቁ እሾህ ሥር በዐይን ለማየት የሚያዳግት፣ ቆዳ ውስጥ ገብቶ የሚያሳክክ ደቃቅ እሾህ አለው። እሾህ አልባ በሚባሉት ዓይነቶች ላይም ይህ ደቃቅ እሾህ አይጠፋም። አበባው ትልቅ ሲሆን ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ነው።

ሐ/ እሬት። ወፋፍራም ቅጠሎቹ ከአንድ ማዕከል ዙሪያውን ይወጣሉ። የቅጠሉ ጠርዝ ጥርስ አለው። ሲቆረጥ ከልጡ ሥር ቢጫና መራራ ፈሳሽ ይወጣል፤ ውስጡ ደግሞ እንደ ዕንቁላል ነጭ የጠራ ዝልግልግ ነገር አለ። አበባው ቀይ፣ ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ሆኖ በረጅም ዘንግ ላይ ይንጠለጠላል። በኦሮምኛ ሐርጌሳ ይባላል።

መ/ ቃጫ። እሬት ይመስላል፤ ግን ቅጠሉ ደረቅና ጠንካራ ነው፣ ሲቀደድም ክር ያወጣል፤ ጫፉም እንደ ወስፌ ይወጋል። እንደ እሬት በየዓመቱ አያብብም። እንደ እንሰት በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል።

ሠ/ እንዳሁላ። ዝቅተኛ ተክል ሲሆን ቅጠሉ ሰፊ፣ ወፍራምና ውኃ ያዘለ ነው። እሾህም ወተትም የለውም።

ከሁሉም በላይ ልንይዘው የሚገባን ነጥብ አንድ ነው፦ ነጭ ወተት ያለው ሁሉ ከመኖ ይወገድ።

4. ስለ ቁልቋልና ቅንጭብ ወተት

በዚህ ወተት ውስጥ ቆዳንና የዐይንን ስስ ሽፋን የሚያቃጥሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ቆዳ ላይ ሲያርፍ መቅላትና ውኃ መቋጠር ያስከትላል። ዐይን ውስጥ ሲገባ ጉዳቱ የባሰ ነው። ሕመሙ ወዲያው ላይጠነክር ይችላል፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ግን ዐይኑ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ማየትም ይከለክላል። በጊዜው ሲታከም አብዛኛውን ጊዜ ይድናል፤ ችላ ከተባለ ግን ለዘለቄታው ዕይታን ሊጎዳ ይችላል።

አደጋው የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ አጥር ሲከረከም ነው። ቅርንጫፉ በገጀራ ሲመታ ወተቱ ይረጫል። ላብ ለመጥረግ እጅ ወደ ፊት መሄዱም ሌላው ምክንያት ነው። ጉዳት ሲደርስ የሚከተለው ይደረግ፤

— ዐይኑን ሳያሹ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፤
— እጅንና ፊትን በሳሙና መታጠብ፣ ወተት የነካውን ልብስ ማውለቅ፤
— ሕመሙ የቀለለ ቢመስልም ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድና የነካው ተክል ምን እንደሆነ መናገር።

ስለ ከብትም አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በግጦሽ ላይ ያለ ከብት ቁልቋልን በተፈጥሮው ይሸሻል። ተክሉ ተከትክቶ ከገለባ ወይም ከእንሰት ቅጠል ጋር ሲቀላቀል ግን የተራበ ከብት ሳይለይ ሊበላው ይችላል። ስለዚህ «ከብት አይነካውምና አያሰጋም» ማለት በግጦሽ ላይ ቢሠራም በገበታ ላይ አይሠራም። እንዳሁላም በባህላዊ ሕክምና የታወቀ ቢሆንም፣ የዚህ ወገን ተክሎች የከብትን ልብ የሚጎዳ መርዝ እንዳላቸው በደቡብ አፍሪካና በአውስትራሊያ ስለተረጋገጠ ለመኖ መስጠት አይገባም።

5. ከራያና ከሌሎች አገሮች የሚገኝ ትምህርት

በትግራይ በለስ ትልቅ ጥቅም ያለው ተክል ነው። ፍሬው በክረምት፣ የቤት እህል በሚያልቅበትና አዲሱ ባልደረሰበት ጊዜ ይበስላል። ልጆች ለቅመው ይሸጡታል፣ ቤተሰብም ይመገበዋል። በበጋ ደግሞ ገበሬው እሾሁን በእሳት ለብልቦ መዳፉን ለከብት ይከትፋል። ዝናብ አጠር በሆነ ድንጋያማ መሬት ላይ ይህን ያህል የሚያገለግል ተክል ጥቂት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ኮቺኒል የምትባል ነፍሳት ወደ ትግራይ እንድትገባ ተደረገ። ይህች ነፍሳት በበለስ መዳፍ ላይ ተጣብቃ የምትኖር ሲሆን፣ ከሰውነቷ ካርሚን የተባለ ደማቅ ቀይ ቀለም ይወጣል። ቀለሙ ለምግብና ለመዋቢያ ዕቃ ይፈለጋል፤ በዓለም ላይ በዋነኛነት የምታመርተው ፔሩ ናት። የታሰበውም ለገበሬው አዲስ ገቢ ማስገኘት ነበር።

ነገር ግን የለቀማውና የገበያው ሥራ ሳይጸና ቀረ። ለቃሚ ያጣችው ነፍሳት ግን መባዛቷን አላቆመችም። በአገራችን የተፈጥሮ ጠላት ስላልነበራት በደቡብ ትግራይ፣ በተለይም በራያ ቆላ፣ ሰፊ የበለስ ቦታ ወረረች። የተጠቃው በለስ በነጭ ጥጥ መሰል ነገር ይሸፈናል፣ ይጠወልጋል፣ በመጨረሻም ይወድቃል። የክረምት ምግብና የበጋ መኖ የነበረው ተክል ከብዙ ገበሬ እጅ ወጣ።

ወደ ሌላ አገር ስንመለከት ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ እናገኘዋለን። በአውስትራሊያ የበለስ ወገን የሆኑ ተክሎች ከጥቅም ይልቅ ወረርሽኝ ሆነው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ 24 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ መሬት ሸፍነው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1926 ከአርጀንቲና የመጣች የእሳት ራት ተለቅቃ፣ ትሏ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አብዛኛውን በልታ ጨረሰችው። በጎረቤታችን በኬንያ፣ በላይኪፒያ የግጦሽ መሬት፣ ለአጥርና ለውበት የመጣ ሌላ የኦፑንቲያ ዓይነት ግጦሹን ወሮ የፍየልና የበግ አፍ በእሾሁ ሲያቆስል፣ መፍትሔ ተብላ የተለቀቀችው ከራያዋ ጋር አንድ ወገን የሆነች ሌላ የኮቺኒል ዓይነት ናት። እንግዲህ በራያ ጠላት የሆነችው ነፍሳት ዘመዷ በላይኪፒያ ረዳት ሆናለች ማለት ነው።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። አንድ ተክል ወይም ነፍሳት በራሱ ደግ ወይም ክፉ አይደለም። የሚወስነው የተተከለበት ቦታ፣ የሚከታተለው ሰው መኖርና ለምርቱ የሚሆን ገበያ ነው። አንዴ ከተለቀቀ በኋላም ለመመለስ እጅግ ያስቸግራል።

6. ለወርቃ የሚስማማውና የማይስማማው

6.1. በለስ

በለስ ዝናብ ባጠረበት፣ ውኃ በማይተኛበት መሬት የሚጠቅም ተክል ነው። በጌዴኦ ደጋማ ክፍል የዓመቱ ዝናብ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ሲሆን በበልግና በመኸር ሁለት ጊዜ ይዘንባል፤ ሰማዩም ብዙ ጊዜ ደመናማ ነው። በዚህ ሁኔታ የበለስ ሥር ለመበስበስ ይጋለጣል። ከዚህም በላይ የወርቃ ገበሬ መሬት ጠባብ ነው። ለበለስ የሚሰጥ እያንዳንዱ ክንድ መሬት ከቡና ወይም ከእንሰት ላይ የሚነሣ ነው።

ለመኖ ቢታሰብ እንኳ፣ የበለስ መዳፍ 90 ከመቶ የሚሆነው ውኃ ነው። ከደረቁ ክፍል ውስጥ ፕሮቲኑ 5 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። ብቻውን የበላ ከብት ይቀዝናል እንጂ አይሰባም። በራያ ዋጋ ያገኘው በበጋ ውኃ ጭምር ስለሚሰጥ ነው። በወርቃ ግን ይህን ሥራ የሚሠራ ተክል ድሮውኑ አለ፤ እርሱም እንሰት ነው። እንሰት በግንዱ ብዙ ውኃ ይይዛል፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ቅጠሉና ግንዱ ለከብት ይከተፋል፤ ለሰውም ቆጮና ቡላ ይሰጣል። እንሰት እያለ በለስን ወደ ወርቃ ማምጣት አስፈላጊ ሆኖ አላገኘነውም። የእንሰት መኖም ፕሮቲን ስለሚያንሰው፣ ገበሬው ከግራዋ ቅጠልና ከሌላ ቅጠላ ቅጠል ጋር እንዲሰጥ ቢመከር ከበለስ የተሻለ ውጤት ያገኛል።

ከዲላ በስተምዕራብ ወደ አባያ ሐይቅ የሚወርደው ቆላ ግን ሌላ አየር ንብረት ነው። በዚያ በለስ ቢታሰብ እንኳ፣ ንጽሕናው በባለሙያ ከተመረመረ ተክል፣ ለክትትል በሚያመች ትንሽ ቦታ ብቻ መጀመር ይኖርበታል።

6.2. ቁልቋልና ቅንጭብ ለአጥር

ሁለቱም በቁራጭ በቀላሉ ይበቅላሉ፣ ከብት አይበላቸውም፣ ዕድሜያቸውም ረጅም ነው። ለድንጋያማና ለተራቆተ ዳገት ወሰን ይስማማሉ። ሆኖም ለቡና ጓሮ አጥር በመጀመሪያ የምንመርጠው ኮርችንና ግራዋን ነው። እነዚህም በቁራጭ ይበቅላሉ፤ በተጨማሪም ቅጠላቸው ለመኖና አፈር ለማልበስ ይሆናል። ቁልቋልና ቅንጭብ በትምህርት ቤት፣ በልጆች መጫወቻ፣ በምንጭና ወደ ቡና ማጠቢያ በሚሄድ የውኃ ቦይ ዳር መተከል የለባቸውም። ሣር የሚታጨድበት ቦታም አይመከርም፤ ቁራጩ ከሣሩ ጋር ወደ ግርግም ሊገባ ይችላልና።

6.3. እሬት

በኢትዮጵያና በኤርትራ ከ40 በላይ የእሬት ዓይነቶች ይገኛሉ። ከእነዚህም ብዙዎቹ በሌላ አገር የማይገኙ ናቸው። በስምጥ ሸለቆውና በደቡብ አገራችን የሚበቅለው አሎ ጊልበርቲ የሚባለው ዓይነት ለምሳሌ የኢትዮጵያ ብቻ ነው።

እሬት አፈር በታጠበበት ጠርዝና በእርከን ላይ ሲተከል አፈር ይይዛል። አበባው ለንብ ይጠቅማል። ከእናቱ ሥር በሚወጡ ቡቃያዎች ስለሚባዛ ዘር መግዛት አያስፈልግም። ስለዚህ በወርቃ ውኃ የማይተኛበት ዳገታማ ጠርዝ ላይ በጥቂቱ እንዲተከል እንመክራለን።

ስለ አጠቃቀሙ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እናቶች ሕፃን ጡት ሲያስጥሉ የሚቀቡት መራራው ቢጫ ፈሳሽ ሆድን በኃይል የሚያስቀምጥ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ልትጠጣው አይገባም። በሱቅ በሳሙናና በቅባት ላይ ስሙ የሚታየው አሎ ቬራ ከዓረብ ባሕረ ሰላጤ ምድር የመጣ ሌላ ዓይነት ነው። በዳገቱ ላይ ያለውን እሬት በእርሱ ምትክ መጠቀም ወይም መሸጥ ትክክል አይደለም።

6.4. ቃጫ

የሲሳል ቃጫ ለክር ጥሩ ቢሆንም፣ ክሩን ለማውጣት ብዙ ጉልበት ወይም መሣሪያ ይጠይቃል። የወርቃ ቤተሰብ እንሰት ሲፍቅ የሚያገኘው ክር አለ። ስለዚህ ቃጫ መትከል የሚጠቅመው እንሰት በማይበቅልበት ደረቅ ቦታ ነው።

7. የአተካከል ዘዴ

ቡናና ግራዋ ሲተከሉ እርጥበት ሳያጡ ቶሎ መትከል የታወቀ ነው። ለቁልቋልና ለቅንጭብ ግን ተቃራኒው ይሠራል። አዲስ የተቆረጠ ቁራጭ ወዲያው በእርጥብ አፈር ከተተከለ በቁስሉ በኩል ይበሰብሳል። ስለዚህ፤

ሀ/ ቁራጩ ከጤነኛ ተክል፣ በደረቅ ቀን፣ በስለታም ቢላዋ ይቆረጥ። ቆራጩ ጓንትና መነጽር ያድርግ። ጓንት ከሌለ እጁን በወፍራም ላስቲክ ይሸፍን።

ለ/ ቁራጩ ልጆችና ከብት በማይደርሱበት ጥላ ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይቀመጥ። ወተቱ ደርቆ ቁስሉ ሲጠግግ ለተከላ ዝግጁ ይሆናል።

ሐ/ ተከላው በልግ ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ውኃ በሚንጠፈጠፍበት መሬት ላይ ይደረግ። አፈሩ ሸክላ ከሆነ ከፍ ያለ መደብ ይሠራና ጠጠር ይቀላቀልበት።

መ/ ከተተከለ በኋላ ውኃ አይጠጣ። ዝናቡ ይበቃዋል።

ሠ/ የእሬት ቡቃያ ሲተከልም ቁስሉ ለጥቂት ቀናት ይደረቅ። እሬት ከዱር አይነቀል፤ በጓሮ ካለው ተክል ይባዛ።

ረ/ ከመከርከም የተረፈ የበለስ መዳፍ ወይም የቁልቋል ቅርንጫፍ በሜዳ አይጣል። በተለይ የበለስ መዳፍ በወደቀበት ሥር ይሰዳል። በድስት የተተከለ የጌጥ ካክተስም ሲያስጠላ ወደ ሜዳ ሳይሆን ወደ ጉድጓድ ተጥሎ በጥልቀት ይቀበር።

8. የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተግባር

ገበሬው ብቻውን የማይወጣቸውና ማኅበራት በጋራ ሊያከናውኗቸው የሚገቡ ሥራዎች አሉ።

አንደኛ፣ ከሌላ አካባቢ የሚመጣ የበለስ መዳፍ ያለ ዕፀዋት ኳራንታይን ባለሙያ ምርመራ እንዳይገባ መከልከል ነው። አንድ መዳፍ ላይ ያሉ የኮቺኒል ጫጩቶች በዐይን ለማየት ያዳግታሉ፤ በነፋስ፣ በልብስና በከብት ፀጉር ይጓዛሉ። ነጭ ጥጥ መሰል ነገር ያለበት መዳፍ ከተገኘ በእንጨት ጫፍ ይፈተን፤ ሲጨፈለቅ ቀይ ፈሳሽ ከወጣ ኮቺኒል ናት። ተክሉ ሳይነቃነቅ በዚያው ቦታ ይቃጠል ወይም በጥልቀት ይቀበር፤ ለወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤትም ወዲያው ይነገር።

ሁለተኛ፣ የዱር እሬት ወይም ቁልቋል እንገዛለን ብለው ለሚመጡ ነጋዴዎች አባላት እንዳይነቅሉ ማስተማር ነው። ከአሎ ቬራ በስተቀር የእሬት ዓይነቶች በሙሉ፣ ውኃ አጠራቃሚ የሆኑት የኢዩፎርቢያ ዓይነቶችም፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ አባል በሆነችበት በሳይተስ ዓለም አቀፍ ስምምነት የድንበር ተሻጋሪ ንግዳቸው በፈቃድ ብቻ የሚካሄድ ነው። ስለሆነም ማኅበሩ ከማንኛውም ውል በፊት ነጋዴው ሕጋዊ ፈቃድ መያዙን ይጠይቅ።

ሦስተኛ፣ አዲስ ተክል ለአባላት ከመከፋፈሉ በፊት ማኅበሩ ሦስት ጥያቄዎችን ያንሣ። ይህ ተክል በእርግጥ የተባለው ነው? እኛ ዘንድ የሚሠራውን ሥራ አሁን የሚሠራ ሌላ ተክል አለን? ካልተሳካስ ማን ይነቅለዋል? ለሦስቱም አጥጋቢ መልስ ካልተገኘ ተከላው ይቆይ።

አራተኛ፣ የልማት ሠራተኛው በማኅበሩ ግቢ ውስጥ ከየዓይነቱ አንዳንድ ተክል አጥሮ፣ ስሙን ጽፎ ቢያስቀምጥ ለትምህርት ይጠቅማል። ቁልቋልና እሬት ጎን ለጎን ሲታዩ በቃል ከሚሰጥ ገለጻ የበለጠ ይረዳሉ። ቅንጭብና ቁልቋል ያለበት መደብ ግን ልጆች እንዳይደርሱበት በጥብቅ ይታጠር።

ማጠቃለያ

ውኃ የሚያጠራቅሙ ተክሎች ለደረቅ አገር ትልቅ ሀብት ናቸው። ለእርጥብ አገርም በቦታቸው ያገለግላሉ። ነገር ግን በስም ተመሳስለው በጠባይ የተለያዩ ናቸውና ከመትከል በፊት ለይቶ ማወቅ ግዴታ ነው። ነጭ ወተት ያለው ከመኖ ይራቅ፤ ከሩቅ የመጣ መዳፍ ሳይመረመር አይግባ፤ እሬት ከዱር አይነቀል።

ወርቃ የድርቅ መኖዋንና የውኃ ማከማቻዋን በእንሰት መልክ በጓሮዋ ይዛለች። የልማት ሠራተኛው ተቀዳሚ ሥራ ያለውን እንሰት ከበሽታ መጠበቅና ማበርከት ሲሆን፣ እሬትንና ቁልቋልን ደግሞ ለሚስማማቸው ድንጋያማ ጠርዝ መመደብ ነው።